ጉና ላይ የተሠራችው አራስ ቤት

ፈንታነሽን የሚያውቅ ሁሉ ምላሷን ይፈራል። ከጉና ጥግ ባለው መንደር እንደ እሷ ተናጋሪ አልነበረም። የበረዶ ነገር ሲነሳ ግን ነጠላዋን ወደ አፏ ትሰበስብና ታማትባለች። እሷ ያየችውን ያየ ሰው ሌላ ምን ያደርጋል?

ነገሩ የሆነው ንጉሡ ደብረ ታቦር ላይ ከትመው በነበሩበት ዘመን፣ በነሐሴ ነው። የበኩር ልጅ በእናት ቤት ይወለዳል፤ ወጉ ነው። የፈንታነሽ እናት ቤት ደግሞ ከተራራው ግርጌ፣ ደብረ ታቦር አጠገብ ነው። በሐምሌ እንውሰድሽ ቢሏት «ሆዴ ገፋ እንጂ ቀኔ አልደረሰም» ብላ እንቢ አለች። ኋላ ወንዙ ሞላና መንገዱ ተዘጋ። ጎደል ባለ ጊዜ እሷ መነሳት እንኳ ተስኗት ስለነበር በቃሬዛ ተሸክመዋት ወጡ።

ባሏ ሙላቴም የመንደሩ ጎልማሳም ዘመቻ ሄዷል። ለሸክም የተገኙት የባሏ ወንድም እሸቴና ሁለት ሽማግሌዎች ናቸው። አራተኛ ሲጠፋ ቄስ ሀብተማርያም «እኔስ ትከሻ የለኝም?» ብለው ተነሱ። ጊዜው ፍልሰታ ስለሆነ በየቀኑ ይቀድሳሉ፤ ለቅዳሴ እመለሳለሁ ብለው ነው የወጡት። አማቷ ብዙነሽ ከኋላ ትከተላለች።

ተራራው ላይ ካለው ገላጣ ሜዳ ሲደርሱ ሰማዩ ጠቆረ። ነፋሱ መጣ፣ ነጎደ፣ ከዚያ በረዶው ወረደ። የዶሮ እንቁላል የሚያህል በረዶ! መጠጊያ ዛፍ የለ፣ ዋሻ የለ። ምድሩ ባንድ ጊዜ ነጣ፤ ያ ሁሉ ተራራ ከዓይን ጠፋ። ሰዎቹ ቃሬዛውን ሲያወርዱ ፈንታነሽ ጮኸች፤ ምጡ መጥቷል።

ወንድ ምጥ ላይ አይቆምም። ዞር እንዳይሉ ደግሞ በረዶው እናትና ልጅ ሊገድል ነው። እሸቴ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ለዝናብ የደረበውን የፊላ ገሳ አውልቆ በክንዱ ከፍ አድርጎ ወደ ኋላ ዘረጋላት። ሽማግሌዎቹም እንዲሁ አደረጉ። ሦስት ገሳ ግን ጣራ አልሆነም፤ በአንድ በኩል በረዶው ቃሬዛው ላይ ይወርዳል።

ቄስ ሀብተማርያም ፈንጠር ብለው ቆመዋል። በዚያ አገር አራስ ቤት የገባ ቄስ ሕፃኑ ክርስትና እስኪነሣ መቅደስ አይገባም፤ ለወንድ አርባ ቀን፣ ለሴት ሰማንያ። የደብሩ ሌላው ቄስ ደካማ ናቸው፤ እሳቸው ከቀሩ የፍልሰታ ቅዳሴ መታጎሉ ነው።

«አባ፣ አንቱ ይሂዱ! እኔ በላይዋ ተኝቼ እከልላታለሁ» አለች ብዙነሽ።

«ሜዳ እኮ ነው» አለ እሸቴ ቄሱን ሊያግባባ፣ «የምን አራስ ቤት አለ?»

«ቤቱማ እኛ ነን» አሉ ቄሱ። መጡና ጀርባቸውን ሰጥተው ገሳቸውን ከሌሎቹ ጋር ገጠሙት።

ፈንታነሽ ከታች ሆና የምታየው አራት ጀርባ ብቻ ነው። ገሳው ሁሉ ወደ እሷ ስለተዘረጋ የሰዎቹ ራስ ለበረዶው ተጋልጧል። በረዶው ሲቀጠቅጣቸው ይሰማታል። ከቄሱ ጥምጣም ሥር ደም ከውሃ ጋር እየተቀላቀለ በማጅራታቸው ይወርዳል፤ ክንዳቸው ግን ዝቅ አላለም። ፈንታነሽን ምጧን እስክትረሳ ድረስ ደነቃት። የሰማዩ ቁጣ አስፈርቷት ነበር፤ የእነዚያ የማይነቃነቁ ሰዎች ነገር የባሰ አስፈራት። ሰው እንዲህ ለመሆን ይችላል ብላ አስባ አታውቅም።

በረዶው ወደ ዝናብ ሲለዝብ ሕፃን አለቀሰ።

ብዙነሽ እትብቱን ቆርጣ የተወለደውን አየች። ለእልልታ የከፈተችውን አፍ መልሳ ዘጋች።

«ምንድን ነው?» አሉ ቄስ ሀብተማርያም ፊታቸውን ሳያዞሩ።

«ሴት ናት፣ አባ» አለች ብዙነሽ፣ ጥፋት እንዳጠፋ ሰው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ሰማንያ ቀን ነዋ» አሉ ቄሱ የነጣውን ሜዳ እያዩ።

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?» አሉ። «እልል በዪ እንጂ!»