ያለ ወላጅ መግባት ክልክል ነው

ሰው አገር ከገባሁ በኋላ ብዙ ነገር ትቻለሁ፤ ጠመኔ ስይዝ የሚነሳብኝን አመል ግን መተው አልቻልኩም። አገር ቤት ስምንት ዓመት አስተምሬ፣ ጅዳ መጥቼ ሁለት ዓመት የሰው ቤት ስጠርግ ኖሬ፣ እንደገና ሰሌዳ ፊት ስቆም የተሰማኝን ኩራት ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

ክፍሉ ፔትሮሚን በሚባል የጅዳ ሰፈር ውስጥ ከአንድ ጋራዥ ጀርባ የነበረ የዕቃ ማከማቻ ነው። ያቋቋሙት ሽማግሌ ነጋዴ ናቸው፤ አባታቸው ከወሎ የመጡ፣ እሳቸው ግን መካ ተወልደው ጅዳ ያረጁ። ዘመኑ የአገራችን ሴት ልጅ ለቤት ሠራተኝነት በየአውሮፕላኑ የምትጫንበት ነበር። እዚያው የተወለዱ ልጆችን፣ እናታቸው ወረቀት ከሌላት፣ የሚቀበል ትምህርት ቤት አልነበረም። ሽማግሌው ምንጣፍ አንጥፈው፣ ሰሌዳ ሰቅለው፣ “በይ ልጄ፣ አላህ የሰጠሽን አካፍያቸው” አሉኝ። ሃያ ስድስት ልጆች ተሰበሰቡ።

በመጀመሪያው ቀን የክፍሉን ደንብ አብረን አወጣን። አንደኛ፣ አማርኛ ብቻ እንናገራለን ብዬ ስጽፍ፣ “ኻላስ አብላ፣ እሺ!” ብለው በአንድ ድምፅ ተቀበሉኝ። በዓረብኛ ኻላስ ማለት በቃ ነው፣ አብላ የሚሉት ደግሞ ሴት አስተማሪን። ሳቄ መጣ፤ ደንቡ ገና ከመጻፉ ተጣሰ። እጅ ሳያወጡ አለመናገርን፣ የጋራዡን ጎማዎች አለመንካትን፣ ውሃ በተራ መጠጣትን እየተጨቃጨቅን ጨመርን። የመጨረሻውን ግን ማንንም ሳላማክር ራሴ ጻፍኩት፦ ሦስት ቀን ያረፈደ ያለ ወላጅ አይገባም።

አገር ቤት ተምሮ “ወላጅህን ይዘህ ና” ያልተባለ ማን አለ? እኔም ተብያለሁ፣ ብዙዎቹንም ብያለሁ። አባት ጋቢውን ደርቦ ይመጣል፣ ልጁን በአስተማሪው ፊት ይቆጣል፣ ይለማመጣል፣ ልጁ ይገባል። ልጅ የሚቀጣበት ሌላ መንገድ አላውቅም ነበር።

ሽማግሌው ሰሌዳውን አንብበው ሲጨርሱ ወደ ውጭ ጠሩኝ።

“ወላሂ ልጄ፣ እዚህ አገር ወላጅ አይጠራም። እነዚህ እናቶች የምታሠራቸው ማዳም ካልፈቀደች ቆሻሻ ለመጣል እንኳ ከበር አይወጡም። ይቺን ሰርዣት።”

“አባባ፣ በመጀመሪያው ቀን የሚሰረዝ ደንብ ደንብ አይባልም” አልኳቸው። መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ ሄዱ። ምነው በተቆጡኝ!

በሦስተኛው ሳምንት ደንቡ አንዲት የአሥር ዓመት ልጅ ላይ ደረሰ። እናቷ መካ፣ ጀርወል ሰፈር፣ ሰው ቤት እያደረች ትሠራለች። ልጅቷ ጅዳ ቀርታ፣ የሠራተኞችን ልጆች የምትጠብቅ አንዲት ሴት ዘንድ ታድራለች። ሦስት ቀን አረፈደች። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ብጠይቃት ኖሮ ሕፃናቱን አጣጥባ፣ ቁርስ አብልታ እንደምትመጣ ትነግረኝ ነበር።

“ወላጅሽን ይዘሽ ነይ” አልኳት።

“የምታሳድረኝ አክስቴ ብትመጣስ፣ አብላ?”

“ወላጅ ነው ያልኩሽ። እናትሽን።”

“እማ እኮ መካ ናት።”

“ደውዪላት።”

ደብተሯን ይዛ ወጣች። እኔ ክርስቲያን ስለሆንኩ መካ መግባት አልችልም። ብችል ኖሮ እናቷን ራሴ ሄጄ አነጋግራት ነበር እያልኩ አንዳንዴ ራሴን አጽናናለሁ። ውሸቴን ነው። ሽማግሌው “ለጁምዓ መካ እሄዳለሁ፣ እኔ ላናግርልሽ” ሲሉኝ እምቢ ያልኩት እኔው ነኝ። “አንድ ቀን ብትመጣ ምን ትሆናለች? የራሷ ልጅ አይደለችም እንዴ?” አልኳቸው። የሰው ቤት ኖሬ የማውቀውን ሁሉ በሦስት ሳምንት ረስቼው ነበር።

ልጅቷ ሦስት ቀን ቀረች። በአራተኛው ቀን የምታሳድራት ሴት እጇን ይዛ፣ ትምህርት መሀል ገባች። ሰላምታም አልሰጠችኝም።

“ወላጅ አምጡ አልሽ አይደል? እናቷ ፈቃድ ብትጠይቅ ማዳሟ እምቢ አለቻት። ሳታስፈቅድ ወጣች። የመኖሪያ ፈቃዷን፣ ኢቃማዋን፣ ያስመጣት የድሮ አሠሪዋ እንደያዘባት ነው። ከመካ ስትወጣ መንገድ ላይ መኪናውን አስቁመው ወረቀት ጠየቋት። አሁን እስር ቤት ናት፣ ወደ አገር ሊጭኗት ነው። እንኪ፣ ወላጇን አነጋግሪ!” ብላ ስልኩን ዘረጋችልኝ።

ስልኩ ውስጥ ብዙ ሴቶች ይንጫጫሉ። እናትየው የምትሰድበኝ መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ ራቅ አድርጌ ያዝኩት።

“አስተማሪ፣ እንደምን ነዎት? ልመጣልዎት ወጥቼ ነበር፣ አልሆነልኝም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ልጄ ሁለተኛ አታረፍድም። ካጠፋችም ይቅጡልኝ። በስልክም ቢሆን እንደመጣሁ ይቁጠሩልኝና በአላህ ያስገቡልኝ።”

“እሺ” አልኩ። ይቅርታ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ ቃሉን ሳልናገረው ስልኩ ተቋረጠ። ልጅቷ ቦታዋ ሄዳ ተቀመጠች፣ ደብተሯን ገለጠች። ልጆቹ ፊት ደንቡን በመዳፌ ጠረግኩት። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

እናትየው በዚያው ሳምንት ተጫነች። ልጅቷን ወደ እናቷ እንዲልኳት ሽማግሌው በየቢሮው ተንከራተቱ። ስትወለድ ያስመዘገባት ስለሌለ ስሟ በማንም ፓስፖርት ላይ የለም፤ ማን ናት ብለው ይላኳት? ወራት ካለፉ በኋላ እሳቸውም ደከሙ። እኔ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት አስተማርኩ፣ ግን አስተማሪ ነኝ ብዬ አላውቅም። መስከረም በመጣ ቁጥር ደንብ እናውጣ የሚሉኝ ልጆች ፊት ጠመኔ ይዤ መቆም አቃተኝ።

ልጅቷ ከዚያ ቀን ወዲህ አርፍዳ አታውቅም። ጋራዡ ሳይከፈት ደጃፉ ላይ ቆማ አገኛታለሁ። ሕፃናቱን አጣጥባ ለመድረስ በስንት ሰዓት እንደምትነሳ ልጠይቃት ፈርቼ ተውኩት። አንድ ቀን ትኩሳት ይዟት፣ ከንፈሯ ደርቆ፣ እየተንቀጠቀጠች መጣች። ግንባሯን ብዳስሰው ይፋጃል።

“እንዲህ ታመሽ ምነው መጣሽ? አንድ ቀን ብትቀሪ ምን ነበር?” አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ፊቷ ላይ ቂም አልነበረም፤ ነገሩ ያልገባኝ መስሏት ልታስረዳኝ ነበር።

“ብቀርማ ማንን ይዤ እመጣለሁ፣ አብላ?” አለችኝ።