መውረጃ ያጣ ኮረንቲ

የመጀመሪያ ደመወዜን የተቀበልኩ ዕለት ለእናቴ ሹራብ ገዛሁላት። ቀለሙ ወይን ጠጅ ነበር፤ የተሠራውም እኔው በተቀጠርኩበት የሹራብ ፋብሪካ ነው። ግራ እጅጌው ከቀኙ ሁለት ጣት ያህል ይረዝም ስለነበር ለሠራተኛ በቅናሽ ከሚሸጡት ጋር ተጥሎ አገኘሁት። እናቴ የረዘመውን እጅጌ አጠፍ አድርጋ ለበሰችውና መስታወት ፊት ዞር ዞር ብላ፣ «ይኼማ የሚኒስትር ሚስት ልብስ ነው» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከገላዋ አልተለየም። ለሥራ እሱን፣ ለገበያ እሱን፣ ለቅሶ ቤት እንኳ ነጠላዋን ደርባበት እሱኑ ነው።

ጊዜው ኅዳር ነበር። ጉለሌ ላይ ኅዳር ከገባ ነፋሱ ከእንጦጦ ቁልቁል ይለቀቃል፤ ጠዋት ጠዋት ከንፈር ይሰነጥቃል፣ ተረከዝ ይሰነጥቃል፣ የደጁ አፈር ዱቄት ይሆናል። እናቴ የአንድ ትምህርት ቤት የጽዳት ሠራተኛ ነበረች። እጇ በሳሙናና በበረኪና ብዛት ከእኛ ሁሉ አስቀድሞ ይደርቅ ነበር። ቅባት ግዢና ተቀቢ ስላት፣ «ለማን ልታይ ብዬ?» ትለኛለች።

መጀመሪያ የተነዘረችው ጎረቤታችን ናት። ሰላም ልትላት መጥታ ጉንጭ ለጉንጭ ሲገናኙ ጧ! የሚል ድምፅ ተሰማ። ሴትዮዋ ጉንጯን ይዛ ወደ ኋላ ዘለለችና፣ «እንዴ! ምነው ነከስሽኝ?» አለች። በሳቅ ፈረስን። ቀጥሎ የበሩ ብረት መወርወሪያ፣ ቀጥሎ የግቢው ቧንቧ ነዘራት። ድመታችን ሳትቀር ጀርባዋን ልትዳብሳት ስትል አንድ ጊዜ ቀመሰችና ከዚያ ወዲያ እናቴን ባየች ቁጥር ጥጓን ትይዝ ጀመር። ማታ ሹራቡን ስታወልቀው ጨው እሳት ላይ እንደተነሰነሰ ይንጣጣል፣ ፀጉሯም ቀጥ ብሎ ይቆማል። የሚገርመኝ ግን እኔና ወንድሜ ያንኑ በር እየከፈትን ያንኑ ቧንቧ እየነካን ምንም አለመሆናችን ነበር። ነገርየው እሷን መርጦ የያዘ ይመስል ነበር።

«መብራት ሲጠፋ እማዬን እንሰካታለን» አለ ወንድሜ። እናቴ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ያን ጊዜ ገና ትስቅ ነበር።

ወንድሜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። የብሔራዊ ውትድርናው ጊዜ ነው፤ ስሙ ቀበሌ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነበር። ከሰፈራችን ከሄዱት ልጆች የአንዱም ደብዳቤ አልመጣም። እናቴ ማንንም ሳታማክር ወሰነች። ወንድሜ ከቤት አይወጣም፣ ሰው ከመጣ አልጋ ሥር ይገባል፣ ገጠር አያቱ ጋ ሄዷል ይባላል። ዛሬ የልጅ ልጆቹን ሰብስቦ ቤቱን በጩኸት ሲያናውጥ የሚያየው ሰው፣ ያን ጊዜ ሁለት ወር ሙሉ በሹክሹክታ እንደኖረ አያምነኝም።

የቀበሌ ጠባቂዎች አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መጡ። ሦስት ናቸው፤ አንዱ ጠመንጃ ይዟል። ወንድሜ አልጋ ሥር ከከሰል ጆንያው ጀርባ ነው። እናቴ በሩ ላይ ቆማ፣ «ገጠር ነው ያለው» አለቻቸው።

«ማይ» አላት ባለ ጠመንጃው።

«ሚካኤልን!»

«ሚካኤልን ምን?»

«ሚካኤልን፣ ልጄ እዚህ ቤት የለም።»

እኔ ከኋላዋ ቆሜያለሁ፤ ድምፅዋ ንቅንቅ አላለም። ሄዱ። ምን ያህል እንደኮራሁባት! ወንድሜ አቧራውን እያራገፈ ሲወጣ እሷ በርጩማ ላይ ተቀምጣ እጆቿን ታያለች። ድካም መሰለኝ።

በሳምንቱ እኔና እናቴ ከአዲሱ ገበያ ዱቄት ገዝተን ሽቅብ ስንመለስ የንስሐ አባታችን ቁልቁል ሲወርዱ መንገድ ላይ ተገናኘን። ሽማግሌ ናቸው፤ እሷን ለቁርባን፣ እኛን ለክርስትና ያበቁ አባት። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ መስቀላቸውን ልትሳለም ጎንበስ አለች። ከንፈሯ የነሐሱን መስቀል ከመንካቱ በፊት ጧ! አለ። ብልጭታውን እኔ ራሴ አየሁት። አባም እጃቸው ደንግጦ ተወረወረ፤ መስቀሉ አምልጧቸው አቧራው ላይ ወደቀ።

«በስመ አብ!» አሉ። ወዲያው ጎንበስ ብለው አነሡና በልብሳቸው እየጠረጉ፣ «አይዞሽ ልጄ፣ ምንም አይደል፣ ነይ ተሳለሚ» አሏት። እናቴ ግን ከንፈሯን በነጠላዋ ሸፍና እየሮጠች ነበር። ዱቄቱን ተሸክሜ ከኋላዋ ልደርስባት ብሞክር አልቻልኩም።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ሌላ ቤት ሆነ። እሑድ ትነሣለች፣ ነጭ ትለብሳለች፣ ትሄዳለች፤ ግን የቤተ ክርስቲያኑን በር አታልፍም። ከአጥሩ ውጭ እንደማትታወቅ ሰው ቆማ ጸልያ ትመለሳለች። ጎረቤት ሰላም ሲላት እጇን ነጠላዋ ውስጥ ትደብቃለች። እኛን መሳም ተወች። ለወንድሜ ሳህኑን አልጋው አጠገብ መሬት ላይ ታስቀምጥና ዞር ትላለች። በፊት በእጇ እያጎረሰችው፣ አልጠገብክም አልጠገብክም እያለች ነበር የምታበላው። ወንድሜ ምን እንዳጠፋ በሹክሹክታ ይጠይቀኛል።

እኔ ደግሞ ንዴት ቶሎ የሚይዘኝ ሰው ነኝ። ሁለት ሳምንት ቻልኩና አንድ ቅዳሜ እሳት ላይ እንደተጣደ ምጣድ ጋልኩ። «ምን ሆነሽ ነው? ተናገሪ እንጂ! ልጅሽ ነኝ አይደለሁም?»

ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ፣ «መስቀሉ አወቀብኝ» አለች።

«ምኑን?»

«በመልአኩ ስም ሐሰት ማልኩ። ይኸው ከንፈሬን መታኝ። እናንተንም ስነካችሁ ይተላለፍባችኋል ብዬ ነው የምፈራው።»

ክርክር መተው አልችልበትምና፣ «እማዬ፣ ሳትምዪ በፊትም እኮ ይነዝርሽ ነበር! ድመቷን አታስታውሺም?» አልኳት።

ትንሽ አሰበችና፣ «ያ ማስጠንቀቂያ ነበር» አለች።

ከዚያ ጠበል ገባች። ሰባት ቀን ጠዋት ጠዋት ወደ እንጦጦ እየወጣች ተጠመቀች። ሹራቡን ቤት ትተወዋለች፤ በጥጥ ቀሚሷ ባዶ እግሯን ሄዳ ፀጉሯ እንደራሰ ትመለሳለች። ሰባቱንም ቀን አንድ ጊዜ እንኳ አልነዘራትም! ወንድሜን ግንባሩን ሳመችው። በስምንተኛው ቀን ሹራቧን ለብሳ፣ ጫማዋን ተጫምታ፣ ወደ ሥራ ልትወጣ የበሩን መወርወሪያ ያዘች። ጧ! በሩ ሥር ቁጭ ብላ አለቀሰች። እናቴን ስትስቅ እንጂ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም ነበር። ያን ቀን ሁለታችንም ከሥራ አረፈድን።

ፋብሪካ የደረስኩት እንደዚያ ሆኜ ነው። አዲስ ተቀጣሪ ስለነበርኩ ጠዋት ጠዋት የማሽኑን ክፍል ወለል ውሃ የምረጨው እኔ ነበርኩ። ያን ቀን ልቤ ቤት ስለቀረ እዚህም እዚያም ጠብ ጠብ አድርጌ ተውኩት። እኩለ ቀን ሳይሆን ክሩ እርስ በርሱ እየተጣበቀ ማሽን ያቆም ጀመር፤ እኔም የማሽኑን ብረት ስነካ እስከ ክርኔ ነዘረኝ። የማሽን ጠጋኙ ሽማግሌ እየተቆጡ መጡ።

«ውሃውን በደንብ ርጪ ብዬሽ አልነበረም?»

«አቧራው እኮ ዛሬ ብዙም የለም ጋሼ።»

«የምን አቧራ ነው የምታወሪው? ውሃው ለኮረንቲው ነው እንጂ! በበጋ ናይለን ክር ሲፋተግ ኮረንቲ ይሠራል። አየሩ ሲረጥብ ይሞታል፤ ሲደርቅ ሰው ላይ ይወጣል።»

ክው ብዬ ቀረሁ። ሁለት ወር ሙሉ ውሃ እየረጨሁ፣ ለምን እንደምረጭ አላውቅም ነበር! ማሽኑን ትቼ እጃቸውን ያዝኩና የእናቴን ነገር ዘርግፌ ነገርኳቸው፤ አልጋ ሥር ያለውን ብቻ ዘለልኩት።

«ጫማዋ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ፕላስቲክ።»

«የቤታችሁ ወለልስ?»

«ፕላስቲክ ምንጣፍ ነው።»

«ስትሄድ እግሯን ትጎትታለች?»

«እንዴት አወቁ?»

ሳቁ። «ልጄ፣ ኮረንቲ የማይሰበሰብበት ሰው የለም። አንቺ ቤት ስትገቢ ጫማሽን ታወልቂያለሽ፣ ጥጥ ትለብሻለሽ፣ ሳታውቂው ወደ መሬት ይወርድልሻል። እናትሽ ከላይ ናይለን፣ ከታች ፕላስቲክ፣ ቆዳዋም የደረቀ፤ እየተፋተገ ይጠራቀምባታል። መውረጃ ያጣ ኮረንቲ ነው። ብረት ስትነካ ወይ ሰው ስትነካ በዚያ በኩል ዘሎ ይወጣል። በቃ ይኸው ነው።»

የዚያን ቀን ከአውቶቡስ ወርጄ ዳገቱን እየሮጥኩ ነው የወጣሁት። እናቴን ጫማዋን አስወልቄ፣ ግቢው አፈር ላይ አቁሜ ቧንቧውን አስነካኋት። ምንም! ጫማዋን አስደርጌ ምንጣፉ ላይ ወዲያና ወዲህ አመላለስኳትና መወርወሪያውን አስነካኋት። ጧ! እንደገና በባዶ እግሯ። ምንም! ወንድሜ ከአልጋ ሥር አንገቱን አውጥቶ በሹክሹክታ ያጨበጭባል። እኔ የሰው ነፍስ ያዳንኩ ያህል ደረቴን ነፍቻለሁ።

«አየሽ?» አልኳት። «ሹራቡ ነው! ሹራቡና ጫማሽ!»

እናቴ ጣቷን እያሻሸች፣ «እሺ፣ የነዘረኝስ ሹራቡ ነው እንበል» አለች፤ «ሐሰቱንስ የማለው ሹራቡ ነው?»

ይህን ጋሼን አልጠየቅኳቸውም ነበር።

ሁለት ቀን ከራሷ ጋር ስትነጋገር ቆየች። በሦስተኛው ቀን ሽንኩርት እየላጠች በድንገት፣ «እንግዲያ መስቀሉ አልተጣላኝም ማለት ነው?» አለችኝ።

«አልተጣላሽም እማዬ። ምንም አላደረገሽም።»

«አልነገረብኝማ። እንግዲያውስ ራሴ ነኝ መናገር ያለብኝ።»

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ለንስሐ ተነሣች። ሹራቡን አውልቀሽ ሂጂ ብዬ ለመንኳት። «ልጄ በመጀመሪያ ደመወዟ የገዛችልኝን ልብስ እግዜር ፊት የማልለብሰው ምን አጥፍቶ ነው?» ብላኝ እጅጌውን አጥፋ ወጣች። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ፤ እንባዬን እንዳታይብኝ።

ስትመለስ የሆነውን ሁሉ ራሷ ነገረችን። ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገብታ፣ ከዛፉ ሥር አባ እግር አጠገብ ተንበርክካ ጉዷን አወጣችው። እሳቸው ሰምተው ሰምተው፣ «ልጄ፣ ተጸጽተሻል?» አሏት።

«መልአኩን ስላሳዘንኩ ተጸጽቻለሁ።»

«እንግዲያ ነገ ተመልሰው መጥተው ማይ ቢሉሽ አትምዪም?»

እናቴን ለካ እስከዚያ ዕለት ከአጥር ውጭ ያቆማት ይኼ ጥያቄ ነበር። እንደምትጠየቅ ታውቃለች፣ መልሱንም ታውቃለች።

«አባቴ» አለቻቸው፣ «አንድ ጊዜ ዋሽቻለሁ፤ አሁን ደግሞ እርስዎን ልዋሽ? ከመጡ እምላለሁ።»

አባ መሬት መሬት አዩ። እናቴ ተነሺና ውጪ ይሉኛል ብላ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ነበር። እሳቸው ግን፣ «ላለፈው በቀን አርባ ስገጂ» አሏት። «አርባ ደግሞ ለሚመጣው ጨምሪ።» እግዚአብሔር ይፍታሽ ብለው መስቀሉን ዘረጉላት።

«ነዘረሽ?» ብዬ ጠየቅኳት።

«እንጃ» አለች፣ «አላስተዋልኩም።»

በማግስቱ ማለዳ ሥራ ከመሄዷ በፊት ምንጣፉን ጠቅልላ አነሣችና አፈሩ ላይ ስግደቷን ጀመረች። ጉልበቷ ደህና አልነበረም፤ ወርዳ ስትነሣ መገጣጠሚያዋ ይሰማል። አሥራ ምናምኑን እንደሰገደች ወንድሜ ከአልጋ ሥር ወጣ፣ አቧራውንም ሳያራግፍ ከጎኗ ቆሞ አብሯት ወረደ።

«አንተ ደግሞ ምን አጠፋህ?» አለችው እያለከለከች።

«ስትምዪልኝ እየሰማሁ ዝም ብያለሁ» አላት።

እናቴ ፈቀቅ ብላ ቦታ ለቀቀችለት።