ጣሪያ ላይ የተለዋወጥነው ሰላምታ

አሜሪካ፣ ማኪኒ የምትባል ከተማ ውስጥ የሦስት ፎቅ አፓርትመንት ጣሪያ እንሠራለን። የእኛ የሐበሾቹ ሠራተኞች የሴፍቲ፣ ማለትም የሥራ ላይ ደህንነት፣ አሠልጣኝ ጋሽ ታደሰ ናቸው። "ጣሪያ ላይ የታሰረበትን ገመድ የፈታ ሰው በኔ ዘንድ ሞቷል!" እያሉ ሰኞ ሰኞ ይሰብኩናል።

አንድ ቀን ጋሽ ታደሰ ሊቆጣጠሩን በመሰላሉ ብቅ አሉና እንደ ደንቡ ገመዳቸውን አሰሩ። እኔ ደግሞ የጨዋ ልጅ ነኝ፤ ታላቅ ሰው ሲመጣ ተነስቼ ካልተቀበልኩ ያመኛል። የታሰርኩበት ገመድ እሳቸው ጋ አያደርስም። ሶ፣ ፈታሁት።

"ኧረ በእግዚአብሔር፣ አትነሳ!" አሉ። ይህን ሁሉ አክብሮት በቆሙበት መቀበል ነውር ሆኖባቸው፣ እሳቸውም ገመዳቸውን ፈተው መጡ። ጣሪያው ጫፍ ላይ ተገናኝተን ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን። የእናቴን ጤና ጠየቁኝ፤ የልጆቻቸውን ጠየቅኋቸው። ከዘመድ አዝማድ ያልተጠየቀ አልቀረም። የረሳነው የራሳችንን ጤና ብቻ ነው።

ለካ አሜሪካዊው አለቃችን ከታች ሆኖ ፎቶ እያነሳን ነበር።

ሰኞ ሥልጠና ላይ ፎቶው ስክሪኑን ሞልቶ ወጣ። ደግነቱ ስንተቃቀፍ ስለተነሳ ፊታችን አይታይም። ጋሽ ታደሰ አንዴ ፎቶውን፣ አንዴ እኔን አዩና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እነዚህን ሁለት አሳዳጊ የበደላቸው ሰዎች የሚያውቅ አለ?"