ልብሷን ያወለቀች ዶሮ

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ሳሮን ከኮንዶሚኒየማችን ሥር ካለው ሱቅ ላባዋ ተነጭቶ በላስቲክ የታሸገች ዶሮ ገዝታ መጣች። ቆዳዋን ልትገፍ ስትል እጇ ቆመ። «እማማ፣ ይሄ ነጥብ ነጥቡ ለምንድነው በመስመር የሆነው?» አለችኝ። ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ፤ ጥያቄ ሲመጣ ግን ዛሬም እጄ ጠመኔ ይፈልጋል። መነጽሬን አድርጌ፣ ላባ የሚበቅለው በመላ ገላዋ ሳይሆን እንደ እርሻ በትልም በትልም እንደሆነ፣ በትልሞቹ መካከል ያለው ቆዳ ባዶ ቢሆንም ላባው ከግራና ከቀኝ ተኝቶ እንደሚሸፍነው አስረዳኋት። ጣቴ ነጥቦቹን እየተከተለ ሲሄድ ልቤ እዚሁ ልደታ፣ ሕንፃው ሳይሠራ በፊት ወደነበረ አንድ ጠባብ ግቢ ተመለሰ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ባዮሎጂ ማስተማር በጀመርኩ ማግስት ግርማን አገባሁና ልደታ ማርያም አጠገብ ከእናቱ ቤት ገባሁ። አማቴ እትዬ ዘነቡ ቀጭን፣ ቁጥብ ሴት ነበሩ። ታናሹ ልጃቸው ኃይሉ ለብሔራዊ ውትድርና ተጠርቶ ወደ ሰሜን ሄዷል። ሲሸኙት የራሳቸውን ጋቢ አልብሰውት እንደነበርና ከዚያ ወዲህ በነጠላ ብቻ እንደሚያድሩ ግርማ ነግሮኛል። ሌላ ጋቢ እንግዛልዎት ሲባሉ «እሱ ሲመጣ» ይላሉ።

በእትዬ ዘነቡ ወግ፣ ሙሽራ ቤት ስትገባ የባሏ እናት አዲስ ስም ታወጣላታለች። ስሙ «የኔ ናት» እንደማለት ነው። የጎረቤታችን ምራት ሠርጓ ገና ሳይበርድ ስም ወጥቶላት በዚያ ስትጠራ እሰማ ነበር። እኔ በጥር ገብቼ ፋሲካ እስኪደርስ ያለ ስም ቆየሁ። «አስተማሪዋ በላች?» ይላሉ፤ «አስተማሪዋ መጣች?» ይላሉ። ክፋት የለውም፤ ተከራይ የሚጠራበት ዓይነት ነው እንጂ። ግርማን ብጠይቀው «ቆይ እንጂ፣ ገና እያዩሽ ነው» አለኝ። ይህን ከሰማሁ ወዲህ ውሃ ስቀዳ እንኳ ይፈስብኝ ጀመር።

የቅዳም ስዑር ጠዋት እትዬ ዘነቡ ቄጤማ ሊቀበሉ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወጡ «ዶሮዋን ላንቺ ትቻታለሁ» አሉኝ። ገባኝ። የዶሮ ብልት በወጉ ማውጣት ምራት የምትመዘንበት ነገር ነው። ግርማ ከጠመንጃ ያዥ ሰፈር አንጠልጥሎ ያመጣትን ቀይ ዶሮ አርዶልኝ ወጣ። ሌሊቱን የዘነበው የሚያዝያ ዝናብ ግቢውን አርሶታል፤ ከማለዳ ጀምሮ የሚቁላላው ሽንኩርት ሽታ ሁለት ወር ለጾመ ሰው ፈተና ነው።

ደንቡ ግልጽ ነው፤ ዶሮዋን በፈላ ውሃ ነክሮ ላባዋን መንጨት፣ በእሳት ለብለብ ማድረግ፣ ከዚያ ቆዳውን ገፎ መጣል። ልነክራት ስል ተማሪዎቼ ትዝ አሉኝ። ከበዓሉ በኋላ የማስተምረው ስለ አእዋፍ ነበር፤ ትምህርት ቤታችን ደግሞ ጥግጥጉ ከተቀደደ የሰው አፅም ሥዕል በቀር የሚታይ ነገር የለውም። ቆዳዋን ከነላባዋ ባወጣውስ? ውሃውን ትቼ ቢላዋ አነሳሁ። የወፍ ቆዳ ስስ ነው፤ ላባ ስለሚከላከልለት መወፈር አላስፈለገውም። እንደ እርጥብ ወረቀት እየተጠነቀቅሁ አላቀቅሁትና ጣውላ ላይ ዘረጋሁት።

እትዬ ዘነቡ ቄጤማቸውን በራሳቸው ላይ አስረው ገቡና ቆሙ።

«ምንድነው ይሄ?»

«ቆዳዋ ነው እትዬ። ለተማሪዎቼ ላሳየው ብዬ።»

«ዶሮ እንደ በግ ይገፈፋል? ነገ ደግሞ በጉን በፈላ ውሃ ትነክሪልኛለሽ።»

የሳቁ መስሎኝ ነበር። ጎንበስ ብለው ቆዳውን ሲያገላብጡ ግን ፊታቸው ተለወጠ። ሆዷ ላይ ሰፋ ያለ ገላጣ ነበር፤ ቀላ ያለ፣ አንድም ላባ የሌለበት።

«ይቺ ዶሮ ተመልጣለች። በሽተኛ ናት። እንግዶቼን በሽታ ልታበዪ ነው? አውጥተሽ ጣያት።»

በማግስቱ የግርማ አጎቶች ቤታችን ሊፈስኩ ይመጣሉ። ዶሮ ነጋዴዎቹ ሸጠው ተበትነዋል። ዶሮዋ ከተጣለች ድስቱ ባዶ ነው፤ እኔም እድሜዬን አስተማሪዋ ሆኜ ልቀር ነው።

«አልታመመችም እትዬ። ታቅፋ ነበር» አልኳቸው። በግቢያቸው ዶሮ አርብተው ስለማያውቁ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ላባ ሙቀቷን አፍኖ ይይዝላታል። ከነላባዋ ብትታቀፍ ሙቀቷ እንቁላሉ ጋ አይደርስም። ስለዚህ የመታቀፊያዋ ጊዜ ሲደርስ የሆዷ ላባ ይረግፋል፣ ወደ ቆዳው የሚሄደው ደም ይበዛል፣ እንቁላሉ ገላዋን ይነካል። የቀረውን ቆዳ እያገላበጥኩ ቁስልም እከክም እንደሌለው አሳየኋቸው። የጀርባዋ ላባ ያበራ ነበር። ወፍ አያልባትም፤ ጅራቷ ሥር ካለች ትንሽ እጢ ግን በመንቁሯ ቅባት እየወሰደች ላባዋን ትቀባለች፣ የታመመች ዶሮ ይህን ትተወዋለች አልኳቸው። አፌ አንዴ ከተከፈተ አይዘጋም።

እትዬ ዘነቡ እጢዋን አላዩም። እጃቸው ገላጣው ላይ ነበር።

«ልብሷን አውልቃ ነው የምታሞቃቸው?»

«አዎ።»

«ራሷን አይበርዳትም?»

«ይበርዳት ይሆናል እትዬ። ግን አትነሳም።»

ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ሳብ አደረጉ። «ብልቷን አውጪ» አሉኝ። ያወጣሁትን እየተቀበሉ በሎሚና በጨው አጠቡ። ቆዳውን ራሳቸው ጨው ነሰነሱበት፣ ጣውላው ላይ በምስማር ወጥረው ፀሐይ ላይ አቆሙት፤ ከሰዓት በኋላውን የጎረቤት ድመት ሲያባርሩ ዋሉ።

በማግስቱ ትልቁ አጎት መጀመሪያ ከጎረሱ በኋላ «ዘነቡ፣ ይሄ ያንቺ እጅ አይደለም» አሏቸው።

«ልብሰወርቅ ናት የሠራችው» አሉ እትዬ ዘነቡ።

ማን እንደሆነች ለማየት ግርማም እኔም ዞር ዞር አልን።

«ልብሰወርቅ፣ ምን ቁጭ አልሽ? ለአጎትሽ ጨምሪላቸው እንጂ።»

ተነሳሁ። ጭልፋውን እንዴት እንዳነሳሁት አላስታውስም።

ቆዳው ለብዙ ተማሪዎች አገልግሎ አረጀ። በየዓመቱ ገላጣው ጋ ስደርስ ንግግሬ ዝግ ይል ነበር። ኃይሉ መንግሥት ሲለወጥ በሕይወት ተመለሰ፤ ጋቢው ግን አብሮት አልነበረም። እናቱ ስለ ጋቢው አልጠየቁትም። ሁለት ጋቢ ገዛን።

ይህን ሁሉ ሳሮን እጇን ሳትታጠብ ሰማችኝ። «ታዲያ እኛ ለምን በዚህ ስም አንጠራሽም?» አለችኝ። አስቤው አላውቅም። ስሙ የእትዬ ዘነቡ ነበር፤ ከሞቱ ወዲህ ማንም አልጠራኝም፣ እኔም ለማንም አልተናገርኩም። የሰጡኝን ነገር እንደ ጌጥ ሳጥን ውስጥ አስቀምጬው ኖሯል፤ ልብስ ግን የሚያሞቀው ሲለበስ ነው።

«ዶሮዋን እጠቢ» አልኳት።

ትንሽ ቆይቶ ከወጥ ቤት ድምፅ መጣ።

«ልብሰወርቅ፣ ሎሚው የት ነው?»

ተነሳሁ።