ልጅ በሆዴ፣ ስኒከር በእግሬ

ከመካነ ሰላም የወጣሁት ከሱብሂ ሶላት በኋላ ነው። የኛን ሚኒባስ ታውቁታላችሁ፤ ረዳቱ "ሞልቷል፣ ልንሄድ ነው" እያለ ሲጮህ ገና ሰባት ሰው ይጎድለዋል፤ ስለዚህ የሚቸኩል የለም። እኔም ጎረቤቱን አንድ በአንድ እያቀፍኩ ስሰናበት፣ ለካ የዚያን ቀን የእውነት ሞልቶ ኖሯል! ሻንጣዬን ጣራው ላይ እንደጫነ ሲነሳ አየሁና ሂጃቤን በአንድ እጄ ይዤ ተፈተለኩ። አገር ለቅቃ ለምትሄድ ልጅ እናት "አላህ ይጠብቅሽ" ትላለች፣ "በሰላም ግቢ" ትላለች። የኔዋ ግን ሰፈር እስኪሰማ የጮኸችው ሌላ ነበር።

"አትሩጪ! አንቺ ሀያት፣ አትሩጪ ብዬሻለሁ!"

ደረስኩበት። ስገባ ከኋላ ወንበር አንዲት ሴት "እርጉዝ ናት መሰል" ስትል ሰማኋት። አልነበርኩም።

ነገሩ ወዲህ ነው። መካነ ሰላም ውስጥ የስፖርት መምህርት ነበርኩ። ባለቤቴ ሙሄ ኑሮው ጀርመን ስለሆነ ለኒካሁ መጥቶ፣ ጥቂት ሰንብቶ ተመለሰ። የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ሳለሁ በትምህርት ቤታችን የስፖርት ውድድር መምህራኑ ዱላ ቅብብል ሮጥን። እኔም ሮጥኩ፤ ደስ ብሎኝ ሮጥኩ፤ አንደኛም ወጣን። በሳምንቱ ጽንሱ ወረደ።

ከተማው ለምርመራ ጊዜ አላጠፋም። "ሩጫው ነው" ተባለ፤ አለቀ። ያችኑ ሳምንት በየቀኑ ከቦኖ ሃያ ሊትር ጀሪካን አዝዬ ዳገቱን ስወጣ ያየኝ ሰው ሁሉ "አይዞሽ፣ በርቺ" ነበር ያለኝ። እህል ተሸክሜ ወፍጮ ቤት ስሄድም መንገድ ለቀቁልኝ እንጂ አልከለከሉኝም። እኔ እንደገባኝ ጀሪካን ስራ ነው፤ ስራ ደግሞ ጽንስ አይነካም። ጽንስ የሚነካው ሴትዮዋን ደስ ያላት ነገር ብቻ ነው። እንዲህ እያልኩ እቀልዳለሁ እንጂ ውስጤ አምኗቸው ነበር። እናቴ አንድም ቀን ፊት ለፊት አልወቀሰችኝም። ዝም ብላ የሩጫ ጫማዬን አንስታ ቆጥ ላይ ሰቀለችው። ከሰው ወሬ ይልቅ ያ ዝምታዋ አመመኝ።

በዓመቱ ቪዛዬ መጣና እንዳያችሁት ሚኒባስ እያሳደድኩ ወጣሁ።

የገባሁበት የጀርመን ከተማ እንደ መዳፍ ጠፍጣፋ ነው። "ተራራችን" ብለው በኩራት ያሳዩኝ ጉብታ፣ እኛ ዘንድ ቢሆን ስም እንኳ አይወጣለትም። ብርዱስ? የኛ አገሯ የአቀስታ ብርድ ጨዋ ነው፤ ጠዋት ይገርፋል፣ ፀሐይ ስትወጣ ይሄዳል። የዚህኛው ግን እንግዳ ነኝ ብሎ ገብቶ ስድስት ወር ይቀመጣል። ተልባ ፈልጌ ስዞር ያገኘሁት ዳቦ ላይ ተበትኖ ነው። እዚያው ዳቦ ቤቱ በር ላይ ቆሜ እየነከስኩ አለቀስኩ።

በውጭ አገር ሰዎች ቢሮ የተቀበለን ሹም ፎርሙን ሲሞላ ሙሄ ያስተረጉማል።

"ሙያ?"

"የስፖርት መምህርት።"

ሰውየው ቀና አለ። "ከኢትዮጵያ! ማራቶን በስንት ሰዓት ትገቢያለሽ?"

"የማስተምረው መረብ ኳስ ነው።"

"ገብቶኛል። ግን በስንት ሰዓት?"

ሙሄ በክርኑ ነካ አደረገኝና በአማርኛ "አንድ ቁጥር ጣይለት፤ እዚህ ባዶ ቦታ አይወዱም" አለኝ። "ሦስት ሰዓት" አልኩ። ክፍል የምገባው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ስለነበር፣ አላህ ያየኛል፣ ውሸት አልነበረም።

ብዙም ሳልቆይ እንደገና ፀነስኩ። ያን ቀን ለራሴ ማልኩ፤ ሩጫ ቀርቶ እርምጃዬን እንኳ ልቆጥብ። ከቤት አልወጣም፤ ሲጨንቀኝ ከሳሎን ኩሽና ወዲያ ወዲህ እላለሁ። አከራያችን ሄር ክራውዘ (ሄር እንደኛ "አቶ" ነው) ከኛ በታች የሚኖሩ ጡረተኛ ናቸው። አንድ ቀን በራችንን ቆረቆሩ።

"ከቀኑ ሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሩሄ ነው!" ሩሄ ማለት ጸጥታ ነው፤ ጀርመኖች ጸጥታን እንደ ሶላት በሰዓት ያከብሩታል። "ማን ነው ጣራዬ ላይ የሚሮጠው?"

ሩጫ ሲባል ደነገጥኩ። "ማንም አይሮጥም፤ እየተራመድኩ ነው። ነፍሰ ጡር ነኝ።"

"እንኳን ደስ ያለሽ" አሉ፣ ፊታቸው ሳይፈታ። "ውሉ ላይ ያለው ሁለት ሰው ነው። ሦስተኛው የሚገባው መቼ ነው?"

"አላህ ባለው ቀን።"

"ቀኑን በጽሑፍ አሳውቂኝ።"

የምትከታተለኝ አዋላጅ ዛቢነ ትባላለች። ገና ከመቀመጤ "ስፖርት ትሰሪያለሽ?" ብላ ጠየቀችኝ።

"በፍጹም!" አልኩ፣ ትክክለኛውን መልስ እንዳወቀ ተማሪ። "አልሮጥም፣ አልዘልም፤ ቤቴ ቁጭ ብያለሁ።"

ፊቷ ተለወጠ። "ሐኪም ከልክሎሽ ነው?"

"የለም።"

"ታዲያ ምን ሆነሽ ነው የምትቀመጪው?"

አገሬ ብሮጥ ጉድ፣ እዚህ ብቀመጥ ጉድ! እዚያው የነፍሰ ጡሮች የእግር ጉዞ ቡድን ውስጥ መዘገበችኝ። ጉዞው ደግሞ በሁለት ዱላ ነው፤ ግራና ቀኝ እየተመረኮዙ። እኛ ዘንድ ዱላ የሚይዝ ሽማግሌና መንገደኛ ነው፤ ያውም አንድ። ሙሄ ሁለቱን ዱላ ይዤ ሲያየኝ "ከማን ጋር ልትደባደቢ ነው?" አለ።

አንድ ቅዳሜ ዛቢነ ታመመችና አራቱ ሴቶች "አንቺ ምሪን፤ ከሯጮች አገር አይደለሽ?" አሉኝ። ለሹሙ መረብ ኳስ ያልኩት ሴትዮ ለነሱ ምንም አላልኩም፤ ኩራት ያዘኝ። ሜዳው ጫፍ ላይ በነፋስ የሚዞር ትልቅ የመብራት ማመንጫ ቆሟል። "እስከዚያ እንሂድ" አልኩ። ካትሪን የምትባለው "ይርቃል?" ስትል አፌ ላይ የመጣልኝ ያው የኛው ነገር ነበር፤ "ይቺው ናት!"

መቼም ታውቁታላችሁ። ከከላላ ገበያ የሚመለስ ሰው "አገሩ ይርቃል?" ሲባል፣ ግማሽ ቀን ቢቀርም "ይቺው ናት" ነው የሚለው። "ይቺው ናት" ርቀት አይደለም፤ የመንገደኛ ጉልበት እንዳይሰበር የሚሰጥ ስንቅ ነው። ይህን ጀርመኖች ከየት ይወቁት? በመጀመሪያው ሰዓት ሳቁ። በሁለተኛው ሰዓት ካትሪን "ስንት ቀረን?" አለች። "ይቺው ናት!" ማመንጫው ግን እየዞረ እዚያው ቆሟል። በመጨረሻ ካትሪን ሣሩ ላይ ዘፍ ብላ ለባሏ ደወለችና "ይህች ሴትዮ ሁለት ሰዓት ሙሉ ደርሰናል እያለችን ነው" ብላ አለቀሰች። አራት ባሎች በአራት መኪና መጡ። አምላክ ይመስገን፣ ከድካም በቀር ማንም አልተጎዳም።

እኔን ያሳፈረኝ አለመድከሜ ነው። ሳንባዬ ተከፍቶ፣ እግሬ ሞቆ፣ ከአገሬ ከወጣሁ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ቤት ስገባ ግን ያ ደስታ ራሱ አስፈራኝ። ባለፈውም ደስ ብሎኝ ነበራ! ሆዴን ይዤ ሁለት ቀን ካልጋ አልወረድኩም።

ዛቢነ ድና ስትመለስ መጀመሪያ ስለ አራቱ ሴቶች ተቆጣችኝ፤ ሲያንሰኝ ነው። ከዚያ የልጁን የልብ ትርታ አሰማችኝ። ደህና ነበር። እኔ ግን ማልቀሴን አላቆምኩም። በተሰባበረ ጀርመንኛዬ ስለ ዱላ ቅብብሉ፣ ስለ ወረደው ጽንስ፣ ስለ ተሰቀለው ጫማ ነገርኳት። ወንበሯን አስጠግታ እስክጨርስ ሰማችኝ።

"ሩጫው አልነበረም" አለችኝ። "ብዙ ጊዜ ጽንስ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚወርደው ከራሱ ከአፈጣጠሩ ነው። ያንቺ እግር ያጠፋው ነገር የለም። አሁንም ጤነኛ ነሽ፤ ሩጫም የለመድሽው ነው። ከፈለግሽ ቀስ ብለሽ ሩጪ። እየሮጥሽ ማውራት ካቃተሽ በዝቷል ማለት ነው። ደም ካየሽ፣ ካዞረሽ ወይም ካመመሽ አቁመሽ ወደኔ ነይ።"

የማወራው ሰው ስለሌለኝ ፋቲሃን፣ የቁርኣኑን መክፈቻ፣ እየቀራሁ ሮጥኩ። ትንፋሼ ከአያው (ከአንቀጹ) ጋር እኩል ከሄደ ልክ ነው፤ ከተቆራረጠ በእግሬ እሄዳለሁ። ሆዴ እየገፋ ሲመጣ ሩጫዬ ከሄር ክራውዘ እርምጃ ብዙም አይፈጥንም ነበር። ያም ሆኖ ሩጫ ነው።

የቀረው እናቴ ናት። በቪዲዮ በደወለች ቁጥር እንደ ሌባ ዘልዬ ብርድ ልብስ ውስጥ እገባለሁ፤ ስኒከሬን እንዳደረግኩ።

"ተኝተሻል ልጄ?"

"ተኝቻለሁ እማ።"

"ምነዋ ፊትሽ ላበት?"

"የቤቱ ማሞቂያ ነው።"

"አብሽሪ፤ ተኚ፣ ተኚ!"

ስምንተኛ ወሬን ስይዝ እናቴ ዱበርቲዎቹን ጠራች፤ እኛ ወሎ ለነፍሰ ጡር ተሰብስበው ዱዓ የሚያደርጉትን እናቶች። ነፍሰ ጡሯ መሃላቸው ትቀመጣለች። እኔ ስለሌለሁ ፎቶዬን አስቀመጡ፤ የተገኘው ፎቶ ደግሞ የስፖርት ቱታ የለበስኩበት ነው። ዱዓው ከመጀመሩ በፊት ደወለችልኝ።

"ልቤ ይረፍ ብዬ ነው ሀያት። ወላሂ በይ። አልሮጥኩም በይ።"

መዋሸቱንስ ለምጄው ነበር። በወላሂ መዋሸት ግን፣ ያውም ልጅ ሆዴ ውስጥ ሆኖ፣ ያውም ዱበርቲዎቹ ቁጭ ብለው!

"እማ... ሮጫለሁ።"

ከኋላዋ የሴቶቹ ድምፅ ይሰማኛል። በር ተከፍቶ ሲዘጋ ሰማሁ፤ ስልኩን ይዛ ወደ ደጅ ወጣች። ስትናገር ድምጿ ቀጥኗል።

"ካንቺ በፊት አንድ ነበረ" አለችኝ።

"ምን?"

"ጽንስ። ጤፍ ተሸክሜ ከላላ ገበያ ደርሼ ስመለስ መንገድ ላይ ወረደ። 'የአላህ ስራ ነው' አሉኝ፤ እኔም አልሀምዱሊላህ ብዬ ዝም አልኩ። ሸክሙ ነው ያለኝ ሰው የለም። ላንቺ ጊዜ ግን ከሰው ጋር አብሬ 'ሩጫው ነው' አልኩ። የኔን የአላህ አድርጌ ያንቺን ያንቺ አደረግኩት። አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ ልጄ።"

መልስ አልጠበቀችም። "በይ እየጠበቁኝ ነው። ስልኩን ከፎቶሽ ጎን አስቀምጠዋለሁ፤ ከዚያው ሆነሽ አሚን በይ" ብላ ገባች።

ዱዓው ተጀመረ። "ሁለት ነፍስ ናት ያረቢ፣ በሰላም ለያት!" ይላሉ፤ "አሚን" እላለሁ። የእናቴ ድምፅ ከሁሉም በላይ ይሰማል፤ ዱዓውን በቃሌ ስለማውቀው ዓይኔን ጨፍኜ አብሬ እያልኩ አሚኔን ቀጠልኩ። በሁለት አሚን መሃል "እማ፣ አውፍ ብዬሻለሁ!" ብዬ ጮህኩ። ከወዲያ ምንም አልተሰማም። ስልኩን ባየው ኔትወርኩ ተቋርጧል፤ ከመቼ ጀምሮ ብቻዬን አሚን ስል እንደነበር አላውቅም።