ሁለት የግራ እጅጌዎች

በስፌት ቤታችን ጨርቅ የምትቆርጠውን ሴት «ሜትሮ» ነበር የምንላት። ደንበኛ ገና ከበር ሲገባ ትከሻውን በዓይኗ ለክታ ትጨርሳለች። እሷ የቆረጠችውን የምሰፋው እኔ ነኝ፤ በአሥራ አንድ ዓመት አንድም ቀን ጨርቅ አሳጥራብኝ አታውቅም።

ኋላ ድካም ጀመራት። ምሳ ሳይደርስ ክንዷን ተንተርሳ ጠረጴዛው ላይ ትደፋለች። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም፤ «ሜትሮ፣ ዛሬም እንቅልፍ እየለካሽ ነው?» እላት ነበር። ሐኪሙ መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚባል የነርቭ ሕመም ነው ያላት ቀን፣ ምነው ምላሴን በቆረጠው አልኩ።

ድካሙ ተኝተው ሲነሱ የሚለቅ ዓይነት አልነበረም። ስለዚህ አቅሟን እንደ ውድ ጨርቅ መቆጠብ ተማረች። ጠዋት፣ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ ረጅም ወንበር ላይ ተቀምጣ ትቆርጣለች፤ ሰውነቷ ሳይዝል በፊት ታርፋለች። ሙቀት ስለሚጥላት ካውያውን ወደ ጓሮ አወጣንላት።

የታናሽ እህቷ ሠርግ ሲደርስ ግን ይህን ሁሉ እርግፍ አድርጋ ተወችው። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገቻት እሷ ናት፤ ቬሎዋን ሌላ ሰው እንዲነካባት ስላልፈለገች መስፋቱንም ከእኔ ወስዳ ራሷ ያዘችው። ሦስት ቀን ያለ ዕረፍት ሠራች። በሦስተኛው ቀን እጅጌዎቹን ላቀብላት ሳነሳ ሁለቱም የግራ ናቸው። ሁለተኛውን ጨርቁን ሳትገለብጥ ቆርጣዋለች፤ የጀማሪ ስህተት። ትርፍ ጨርቅ ደግሞ የለም።

አሳየኋት። እያገላበጠች አየቻቸው።

«እጅጌ የሌለው እናደርገዋለን፤ ምን ችግር አለው?» አልኳት።

«ችግሩ እጅጌው አይደለም። ይሄን ልጨርስ ካልኩ ቅዳሜ ለሠርጉ ከአልጋ አልነሳም። ሰውነቴን አውቀዋለሁ።» መቀሱን ወደ እኔ ገፋችው። «አንቺ ጨርሺው። እኔ ከእህቴ ጎን ልቁም። ብቻ እሷ እንዳትሰማ።»

ከዚያ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች።

ቅዳሜ ፎቶ እስኪነሳ ጥላ ውስጥ ተቀምጣ ቆየች፤ ሲጠሯት ተነስታ ከሙሽራዋ ጎን ቆመች። እግሯ ሲንቀጠቀጥ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ልጅቱ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

«እትዬ፣ እጅሽ ይባረክ! እንዲህ ያለ ቬሎ ማን ለብሶ ያውቃል?»

ሜትሮ ወደ እኔ ዞር አለች። እኔም ምንም እንደማያውቅ ሰው አንገቴን ደፋሁ።

«አሜን» አለች፣ እጆቿን ከጀርባዋ ደብቃ።