ያልወጣች ፀሐይ አትገባም

እርጥብ ሱፍ በሸተተኝ ቁጥር አባቴ በራፍ ላይ ቆሞ ጫማውን የሚያራግፍ ይመስለኛል። ባለፈው ሳምንት የምሠራበት ቢሮ ውስጥ አንዲት ባልደረባዬ ዝናብ ያበሰበሰውን ሹራቧን ወንበር ላይ አስጥታው ኖሮ፣ ገና በሩን ስከፍት ያ ሽታ አፍንጫዬን ሞላውና የያዝኩትን ፋይል እንዳቀፍኩ ቆሜ ቀረሁ። ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ሲያየኝ ነው እንደምን አደራችሁ ማለት እንኳ እንደረሳሁ ያወቅኩት።

አባቴ ጌታነህ እዚሁ ደብረ ብርሃን ውስጥ ብርድ ልብስ ከሚሠራ ፋብሪካ ተቀጥሮ፣ ሱፍ የሚያበጥር ማሽን ላይ ይሠራ ነበር። ወደ ቤት ሲመለስ ቅንድቡ ላይ ሳይቀር ሱፍ ተሸክሞ ይመጣ ስለነበር እናቴ «በጉ መጣ፣ በር ክፈቱለት» ትለን ነበር። እሱ ግን በቀላሉ የሚስቅ ሰው አልነበረም። የእግዚአብሔር ቃል ተሰምቶ ብቻ የሚቀር ከሆነ ሬዲዮም ይበቃናል የሚል እምነት ነበረውና፣ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ አንድ ጥቅስ ይመርጥ፣ እኔም በሩ ላይ በውስጥ በኩል በጠመኔ እጽፈው ነበር። የምጽፈው እኔ የሆንኩት የአባቴን ጽሕፈት ራሱ አባቴም ማንበብ ስለማይችል ነው። የቤቱ ሕግ እንዲህ ነበር፦ ሳምንቱን በዚያ ጥቅስ እንኖራለን፣ ያልተፈጸመ ጥቅስ ደግሞ አይጠፋም። ጠመኔው ከትምህርት ቤት ሰሌዳ ሥር ደብቄ የምለቅመው ስብርባሪ ነበር፤ «አትስረቅ» የሚለውንም የጻፍነው በዚያው ነው።

በታኅሣሥ፣ ውርጩ የበርሜሉን ውኃ እንደ መስተዋት በሚያረጋበት ሰሞን፣ በሩ ላይ «ቀኝ ጉንጭህን በጥፊ ለሚመታህ ሁሉ ሁለተኛውን ደግሞ አዙርለት» ተብሎ ተጻፈ። በሁለት ዓመት የሚያንሰኝ ወንድሜ ሲሳይ ይህን ጥቅስ ከልቡ ወደደው። ሰኞ ጠዋት ገና ፊቴን ሳልታጠብ መጥቶ በጥፊ አጮለኝና እጁን አንሥቶ በትዕግሥት ይጠብቀኝ ጀመር፣ «አዙሪ እንጂ፣ ተጽፏል እኮ!» አለኝ። አዞርኩለት። ሁለተኛውን ከተቀበልኩ በኋላ ግን ስለ ሦስተኛው የተጻፈ ነገር እንደሌለ ትዝ አለኝና፣ በብርድ የደነዘዘ ጆሮውን ይዤ የምችለውን ያህል አደረስኩለት። አባቴ ሁለታችንንም እያለቀስን አግኝቶን ክሱን ሰማ፣ ጢሙን እያሻሸ ብዙ አሰበና «ጥቅሱ ለተመቺው ነው እንጂ ለመቺው አይደለም፤ ማንም የራሱን ብቻ ያንብብ» ብሎ ፈረደ። ፍርዱ ያን ጊዜ አልገባኝም፣ ለሲሳይማ ጭራሽ አልገባውም።

በልግ ሲገባ «ቃላችሁ አዎን አዎን ወይም አይደለም አይደለም ይሁን» መጣ። እናቴ ብርቅነሽ ዕድሜዋን ሙሉ «ኧረ ምንም አይልም» እያለች ከሰው ተስማምታ የኖረች ሴት ነበረች። በዚያ ሳምንት ጎረቤታችን እትዬ ዘርፌ አዲስ ቀሚስ አሰፍተው ሊያሳዩአት መጡና እየተሽከረከሩ «ብርቄ፣ ያምርብኛል?» አሏት። እናቴ እትዬ ዘርፌን አየች፣ በሩን አየች፣ እንደገና እትዬ ዘርፌን አየች፣ ከዚያ ዓይኗን ጨፍና «አይደለም፣ አይደለም» አለች። እትዬ ዘርፌ እስከ ፋሲካ ደጃችንን አልረገጡም። አባቴ በደስታ ተነሥቶ ጥቅሱ ተፈጽሟል ብሎ በሩን በጨርቅ ሲወለውል እናቴ «ጥቅስ የምትመርጠው አንተ፣ ጎረቤት የማጣው እኔ!» አለችው። አባቴ ይህችን አባባሏን በቁም ነገር ቢወስዳት ኖሮ ክረምቱ በሰላም ያልፍልን ነበር።

ክረምት ገባ። ሐምሌ ላይ አባቴ «ሁለት ልብሶች ያሉት ለሌለው ያካፍል» የሚለውን አስጻፈኝ። በፋብሪካው በር ላይ ከቆላ የመጡ ጋሽ ወንድይፍራው የሚባሉ ሽማግሌ ዘበኛ ነበሩ፤ የእኛን አገር ብርድ አልቻሉትም፣ ማዳበሪያ ከረጢት ደርበው ሲያስሉ ሳላቸው ከማሽኑ ድምፅ በላይ ይሰማል ይል ነበር አባቴ። ማክሰኞ ዕለት እናቴ ገበያ በሄደችበት አባቴ ቤቱን ዞሮ ዞሮ ሁለት የሆነ ነገር ፈለገ። ካፖርቱ አንድ ነው። ጋቢው አንድ ነው። አልጋው ላይ ግን አንድ ብርድ ልብስና አንድ ባና ነበሩ። ባና ከበግ ጠጉር የሚሠራ ወፍራም የአልጋ ልብስ ነው፤ ይሄንን ደግሞ እናቴ በልጃገረድነቷ ሰላ ድንጋይ፣ በአባቷ ቤት ሳለች፣ ከአባቷ በጎች የተሸለተውን ጠጉር ሁለት ዓመት ሙሉ በእጇ ፈትላ ያሠራችው ነበር። አባቴ ቆጠረ፣ ሁለት ሆነ፣ ባናውን ጠቅልሎ ወሰደ።

እናቴ ስትመለስ አልጋውን አየች። አባቴም እንደ ጎበዝ ተማሪ ፊቱን አብርቶ የሆነውን ነገራት። አልጮኸችም። ቁጭ ብላ ነጠላዋን አስተካከለችና «ሁለት ልብስ ያለው ያካፍል ይላል እንጂ የሚስቱን ያካፍል ይላል? ቀኑን ሙሉ ብርድ ልብስ ስትሠራ እየዋልክ የኔን ባና!» አለች። ቀጥላም ዝናቡ አባርቶ መንገዱ ሲደርቅ ወንድሟ ዘንድ ሰላ ድንጋይ እንደምትሄድ፣ መቼ እንደምትመለስ ግን እንደማታውቅ ተናገረች። ከዚያ በኋላ ከአባቴ ጋር አልተነጋገረችም።

አባቴ መፍትሔውን የሚያውቀው በአንድ መንገድ ብቻ ነበር። እሑድ ሲደርስ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ እናቴ እንድትሰማው ከፍ ባለ ድምፅ «በቁጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ» ብሎ አስጻፈኝ። እናቴ ምስር እየለቀመች ነበርና ቀና ሳትል «ሰናይት፣ ለአባትሽ ንገሪው። ያልወጣች ፀሐይ አትገባም በይው» አለችኝ።

እውነቷን ነበር። ጉሙ ከጣርማ በር በኩል እየመጣ ከተማው ላይ ይተኛ ስለነበር፣ ፀሐይን ካየናት ሳምንት አልፎናል። አባቴ በሩን ደግሞ አነበበው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤታችን ኩርፊያ ሕጋዊ ሆነ። በአንዲት ክፍል፣ በአንድ መሶብ ዙሪያ ተቀምጠን እናቴ «አባትሽን ወጡ ጨው አንሶታል ወይ በይው» ትለኛለች፣ እሱም «እጇ ይባረክ፣ ትንሽ አንሶታል በያት» ይለኛል። ሲሳይ መልእክቱን ሲረከብ ደግሞ ከራሱ እየጨመረ ያደርስ ነበር፤ «አባዬ ለሲሳይ ኳስ ይገዛለት ብሏል» ሲላት አባቴ እዚያው ቁጭ ብሎ «እኔ አላልኩም!» የሚለው ለማን እንደሆነ ጠፍቶት ወደ ጣሪያው ይናገር ነበር። ያልተፈጸመ ጥቅስ አይጠፋም በሚለው ሕግ መሠረት ጥቅሱ በሩ ላይ ሰነበተ፤ እርጥበቱ ጠመኔውን ስለሚያቀልጠው በየጠዋቱ የማድሰው እኔ ነበርኩ።

እየሳቅን አልነበረም ታዲያ። እኔ ፈርቼ ነበር። ፀሐይ ብትወጣ ቁጣው ያበቃል፣ ነገር ግን ፀሐይ ብትወጣ መንገዱም ይደርቅና እናቴ ትሄዳለች። ፍልሰታ ገብቶ ኪዳን ለማድረስ ስንሄድ እመቤቴ ማርያምን ምን ብዬ እንደምለምናት ግራ ገብቶኝ «ፀሐይዋ ትውጣ፣ መንገዱ ግን ጭቃ ይሁን» እል ነበር።

ጸሎቴ የተሰማው በነሐሴ አጋማሽ፣ አሥር ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። እኔና ሲሳይ ከሰፈራችን ሱቅ ጨው ገዝተን ስንመለስ ጉሙ ሁለት ላይ ተተረተረና ፀሐይ ወጣች። ጭቃው ሁሉ አበራ፣ ዶሮዎቹ እንኳ ግራ ተጋቡ። እየሮጥን ቤት ደረስን። እናቴ የለችም። ጋቢዋ ከሚስማሩ ላይ የለም፣ ቦቲ ጫማዋም ከበሩ ሥር የለም። ሲሳይ የጨው ፌስታሉን እንደያዘ ያለቅስ ጀመር፣ እኔም ሰላ ድንጋይ የሚለውን ስም ብቻ እደጋግም ነበር።

በዚህ መሐል በሩ ተበረገደና አባቴ ገባ። ያን ሳምንት የከሰዓት ፈረቃ ስለነበረ ከምሽቱ አራት ሰዓት በፊት መምጣት አልነበረበትም። ፀሐይዋን በፋብሪካው መስኮት ባያት ጊዜ ማሽኑን አቁሞ፣ ለፎርማኑ «ፀሐይ ወጣች!» ብቻ ብሎት፣ በአቋራጭ መስኩን ሰንጥቆ ሮጦ ነው የመጣው። ራሱ በሱፍ ነጭ፣ እግሩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነበር። ቤቱን አየ፣ ሚስማሩን አየ፣ እኛን አየ። «መናኸሪያ!» አለና ተመልሶ ወጣ፣ እኛም ተከተልነው። ሦስታችን በዋናው መንገድ ስንሮጥ ሰው ሁሉ ምን ነካቸው እያለ ይቆምልን ነበር። አባቴ በየጥቂት እርምጃው ዞር እያለ የሚያየው እኛን አልነበረም፣ ፀሐይዋን ነበር።

የበሬሳ ወንዝ ድልድይ ላይ ስንደርስ እናቴ ከወዲያ ማዶ፣ ጋቢዋን ሰብስባ፣ በጭቃው ቦቲዋን እየጎተተች ወደ እኛ ስትመጣ አየናት። የምትመጣው ከመናኸሪያ በኩል አልነበረም፣ ከፋብሪካው በኩል ነበር። ከድልድዩ መሐል ተገናኙና ቆሙ። አባቴ አፉን ሲከፍት እኔና ሲሳይ ተያየን፤ ጥቅስ ጠበቅን። «ብርቄ፣ ያንቺን ነው የሰጠሁት» አላት። «የኔ አልነበረም። አጥፍቻለሁ።» ያለ ጥቅስ ሲናገር ድምፁ የሌላ ሰው መስሎኝ ነበር።

እናቴ ከራሱ ሱፍ እስከ እግሩ ጭቃ ስታየው ቆየችና «አንተ ማታ እስክትመጣ ፀሐይዋ ትገባለች ብዬ ነው የወጣሁት» አለች፣ ወደ ወንዙ እያየች። «ፋብሪካው በር ላይ ስደርስ ሮጦ ሄደ ብለው ዘበኛው ነገሩኝ።» ደግሞ ቁጣዋ ተመልሶ «ባናው ለሽማግሌው አጥሯቸዋል! እግራቸው ውጭ ነው! ሰው ሲሰጥ እንኳ ይለካል!» አለችው። አባቴ ሳቀ። እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም ነበር። ቤት ስንደርስ ፀሐይዋ ገና አልገባችም ነበርና እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ጥቅሱን ራሷ ጠረገችው። በጋው ሲመጣ ጠጉር ከሰላ ድንጋይ አስመጥታ ፈተለች፣ የጋሽ ወንድይፍራው ባናም በስንዝር ረዘመ። አባቴን በፋብሪካው ጡረታ እስኪወጣ ድረስ «ጌታነህ ፀሐይ» ይሉት ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ ይህንን እያነሣን ስንስቅ እናቴ «ፀሐይዋ እኮ ከዚያ በፊትም ሁለት ጊዜ ወጥታ ነበር» አለች። «ጓሮ ሆኜ አይቻታለሁ። ገና ስላልበረደልኝ ጀርባዬን ሰጠኋት።»

ያን ጊዜ አንድ ጥቅስ ሰባት ቀን ሙሉ ያሠቃየን ነበር። አሁን ቁርስ ሳልበላ ሠላሳ ጥቅስ በስልኬ ይገባል፣ እኔም አንብቤ ሳልጨርስ ይሄ ለእገሌ ይሆናል እያልኩ አስተላልፋለሁ። ሲሳይ ዛሬ አረርቲ ላይ ነጋዴ ነው። ባለፈው ሰኔ ለወላጆቻችን አዲስ የብረት በር አስገጠመላቸውና፣ አሮጌውን የእንጨት በር ከወለጋ ተፈናቅለው እዚህ መጠለያ ለገቡ አንድ አባወራ ሰጣቸው። ማንንም አልጠየቀም። እናቴ «እሰይ፣ አዲሱ ብርድ አያስገባም» አለች፤ እኔ ግን ተናደድኩ። «አባትህንና እናትህን አክብር» ብዬ ላክሁለት። «አትፍረዱ» ብሎ መለሰልኝ። እንዲህ ጥቅስ ስንወራወር ክረምቱ ተጋመሰ፣ ድምፁን ግን አልሰማሁም።

የዚያ እርጥብ ሹራብ ቀን ማታ ቤቴ ገብቼ «በቁጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ» ብዬ ለሲሳይ ጻፍኩና ልልከው ስል፣ የአባቴ ፍርድ ከስንት ዘመን በኋላ ገባኝ። ማንም የራሱን ብቻ ያንብብ። ወደ መስኮቱ ዞርኩ፤ ተመስገን ጉም ነው። ነገር ግን ስልኬ ከጉሙ በስተጀርባ ፀሐይ የምትገባበትን ሰዓት በደቂቃ ጽፎ አስቀምጦታል፤ እናቴ የነበራት ማምለጫ ለእኔ አልተረፈኝም። የጻፍኩትን አጥፍቼ ደወልኩለት።

«እዚህ ትታያለች፣ ልትገባ ነው» አለኝ ሰላም እንኳ ሳይለኝ። «የምትሰድቢኝ ከሆነ ቶሎ በይ።»

«በሩ ናፍቆኝ ነው» አልኩት።

«ሳልጠይቅሽ ነው የሰጠሁት፣ አጥፍቻለሁ» አለ፣ ድምፁም የአባቴን መሰለኝ። ከዚያ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ስለዚያች ስላልተገዛችለት ኳስ ስናወራ ቆየን፤ «ገባች» እስኪለኝ ድረስም ስልኩን አልዘጋነውም።